አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የተወቀሰው ዘፈንና ያመለጠው ቅጂ

ገዳሪፍም ሆነ ካሳላ፣ ከድንበሩ ማዶም መተማና ጎንደር፣ ሰሊጡ በጥሩ ዋጋ ተሸጦ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ወንድም ገንዘብ ልኮ አንድ ቤት ደህና ስቴሪዮ ሲገባበት፣ ጎረቤቱና ዘመድ አዝማዱ «እስቲ አሰማን» ማለቱ አይቀርም። ባለቤቱም ስፒከሩን የሚያስመሰክርለት ዘፈን ፍለጋ ይጀምራል። ፍለጋው ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው ባሕር ማዶ ነው። ኢግልሶች እ.ኤ.አ. በ1994 እንደገና ተሰባስበው በመድረክ የተጫወቱት «ሆቴል ካሊፎርኒያ»፣ ዳየር ስትሬትስ በ1985 ያወጡት «ብራዘርስ ኢን አርምስ»፣ ወይም የኖራ ጆንስ የ2002 አልበም ይከፈታል። እንግዳው ይደነቃል፤ ባለቤቱም ደረቱን ይነፋል። የጥላሁን ገሠሠ፣ የመሐሙድ አሕመድ፣ የመሐመድ ወርዲ ዘፈን ግን ለቡናና ለሠርግ ይቆያል። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው፤ «የሀገር ዘፈን ይወደዳል እንጂ ለማሰሚያ አይሆንም፤ ቀረጻው ደካማ ነው» የሚል።

ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ከመደጋገሙ የተነሳ እንደ እውነት ተቆጥሯል። ሆኖም ከሳሹ ማን እንደሆነና ማስረጃው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማስረጃው ቢመረመር ዘፈኑ በነፃ የሚለቀቅ፣ ከሳሹ ግን ራሱ ተከሳሽ ሆኖ የሚቆም ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ጥፋቱ የቅጂው ሆኖ ሳለ ዱላው የሚያርፈው በዘፋኙና በሙዚቀኛው ላይ ነው።

ለመሆኑ በዚህ አካባቢ «የጥላሁን ዘፈን» ተብሎ በስፒከሩ የሚለቀቀው ድምፅ ከየት የመጣ ነው? ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ የሸክላ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ እየከሰመ ሲሄድ ቦታውን የያዘው ካሴት ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፤ በኪስ ይያዛል፤ ድንበር ይሻገራል። ከደርግ ዘመን ስደት ጀምሮ በመተማና በገላባት፣ በሁመራና በሐምዳይት በኩል ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ሕዝብ ይዞት የመጣው ሙዚቃ በአብዛኛው በዚህች ትንሽ ዕቃ ውስጥ ያለው ነው። ምስጋና ይገባታል። ይሁን እንጂ የካሴት ክር ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚጓዘውም በሴኮንድ አምስት ሴንቲ ሜትር ባልሞላ ፍጥነት ነው። በዚያች ጠባብ ክር ላይ ሁለቱም ገጾች ግራና ቀኛቸውን ይዘው፣ በአጠቃላይ አራት የድምፅ መስመሮች ተደርድረዋል። እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ጊዜ ከዋናው ሲቀዳ ጥቂት ያጣል። ከቅጂው ሲቀዳ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ ይደክማል፤ «ሽሽሽ» የሚለው ጩኸት ይጨምራል። የሚቀዳበት ዴክ ፍጥነቱ ትክክል ካልሆነ ዘፋኙ ከቅኝቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አራተኛና አምስተኛ ቅጂ ላይ ሲደረስ የቀረው የዘፈኑ ጥላ ነው።

ጥላውን አይቶ ሰውየው ቁመቱ አጭር ነው ብሎ መፍረድ ፍርድ ነውን? በመጥፎ ትርጉም ያነበቡትን ግጥም ይዘው ገጣሚውን የሚነቅፉ ሰዎች ከዚህ የተለየ ነገር አያደርጉም። ገጣሚው ያልጻፈውን ቃል በስሙ አንብበው እርሱን ያወግዛሉ።

ካሴቱ ከገበያ ሲወጣ ነገሩ ይሻሻላል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሱቆቹ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ተተከለ፤ ደንበኛው ሜሞሪ ካርዱን ወይም ፍላሹን ይሰጣል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ተሞልቶ ይመለስለታል። አንድ ሲዲ ድምፁን የሚያሰማው በሴኮንድ 1411 ኪሎ ቢት መረጃ እያነበበ ነው። በፍላሹ ላይ የሚገኘው ኤምፒ3 ደግሞ ብዙውን ጊዜ 128 ኪሎ ቢት ወይም ከዚያ በታች ነው። ይህም ከዋናው አሥራ አንድ እጅ አንዱ መሆኑ ነው። መጭመቁ በጥበብ ከተሠራ ጆሮ ብዙ ላይጎድልበት ይችላል፤ ለስልክና ለመኪናም ይበቃል። ችግሩ የተጨመቀው ቅጂ አስቀድሞ የደከመ የካሴት ቅጂ መሆኑ ነው። ያ ፋይል እንደገና ተጨምቆ በስልክ ይላካል፤ በመጨረሻም በብሉቱዝ ወደ ስቴሪዮው ይገባል። ባለ ስቴሪዮው ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበት ስፒከር ታማኝ መስታወት ነው፤ የቀረበለትን ያሳያል። ፊት ያልታጠበ እንደሆነ መስታወቱም ዘመዱም አይወቀሱም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳት ግድ ነው። ባለቤቱ የባሕር ማዶውን ዘፈን የሚያሰማው ከምንድን ነው? ከሲዲ ወይም ሙሉ መረጃውን ከያዘ ፋይል ነው። ፈልጎ፣ አስመጥቶ፣ ከፍሎ ያገኘው ነው። የሀገሩን ዘፈን የሚያሰማው ግን በነፃ ከተገለበጠ ፍላሽ ነው። ከዚያም ሁለቱን አወዳድሮ «የፈረንጅ ቀረጻ ይበልጣል» ይላል። ይህ ውድድር አይባልም። አንዱን ሯጭ ጫማ አልብሶ ሌላውን እግሩን አስሮ ማሽቀዳደም ነው።

ዋናው ቅጂ ሲገኝ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ ብዙ መድከም አያስፈልግም። አምሃ እሸቴ በወጣትነቱ፣ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ ክልከላውን ደፍሮ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ ባለ ብዙ ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ። በኢትዮጵያ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ቀረጻው ወደ ውጭ ሀገር እየተላከ ይታተም ነበር። ዓሊ አብደላ ካይፋም በዚያው ዘመን የራሱን አሻራ ትቷል፤ በ1975 የተቀረጸው የመሐሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» ከእርሱ ቤት የወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ሙሉ ባንድ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ አብሮ ይጫወት ነበር። ትራምፔቱ ከሳክስፎኑ ጋር የሚመጣጠነው በሙዚቀኞቹ ትንፋሽና ጆሮ ነው፤ በኋላ በማሽን የሚጠገን ነገር አልነበረም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እነዚህን ሥራዎች በሲዲ ሲያወጣ፣ የዓለም አድማጭ የተደነቀው ባዘነለት ደካማ ቀረጻ አልነበረም። የተደነቀው የናሱ ድምፅ ከነሙቀቱ፣ የዘፋኙ እስትንፋስ ከነእርጥበቱ ስለተሰማው ነው። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ሲጠቀም፣ የዓለም ሲኒማ ቤቶች በትልልቅ ስፒከሮቻቸው ያሰሙት ይህንኑ ነው። ለሲኒማ ቤት የበቃ ሙዚቃ ለገዳሪፍ ሳሎን አይበቃም ማለት እንዴት ይቻላል?

ወደ ሱዳን ጎን ሲዞርም ያው ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ ከ1940 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ቫዮሊኖቹን ከዑድና ከአኮርዲዮን ጋር ያዋሐደው የሱዳን ዘፈን ለትውልድ የተላለፈው በእርሱ በኩል ነው። የዓብደልዓዚዝ አል ሙባረክና የዓብደልቃድር ሳሊም ሥራዎች ዎርልድ ሰርኪት በተባለው የለንደን ድርጅት በኩል በ1980ዎቹ መጨረሻ ለዓለም ገበያ ቀርበዋል። በ2018 ደግሞ ኦስቲናቶ የተባለ አሳታሚ «ቱ ናይልስ ቱ ሲንግ ኤ ሜሎዲ» በሚል ርዕስ የ1970ዎቹንና የ80ዎቹን የሱዳን ቀረጻዎች አጽድቶ አውጥቷል። መሐመድ ወርዲም ከሀገሩ ርቆ በነበረበት በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ኮንሰርት በአልበም ወጥቷል። ለዚህ ድንበር ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ማሰሚያ ከወዴት ይመጣል? አምስት ድምፅ ባላቸው ቅኝቶች የሚግባቡ ሁለት ሕዝቦች፣ የአንዱ ታላቅ ዘፋኝ በሌላው ዋና ከተማ፣ በሺዎች የሚቆጠር አድማጭ ፊት የዘፈነው ነው። የአዳራሽ ስፋት፣ የሕዝብ ጭብጨባ፣ የቫዮሊን ረድፍ ሁሉ አለበት። ጥሩ ስፒከር የተፈጠረው ይህን ለማሳየት ነው።

ስፒከርን መፈተን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከበገና የበለጠ ፈታኝ አይገኝም። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያ የሚያጉረመርም፣ የሚያንዘረዝር ድምፅ የሚወጣው አውታሩ ከዚያ ቆዳ ጋር ሲነካካ ነው። እንግዲህ አንድ ምት ብቻ ሲመታ ከታች እጅግ ወፍራም ድምፅ፣ ከላይ ደግሞ ቀጭን ንዝረት በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ደካማ ስፒከር ወፍራሙን ያድበሰብሰዋል፤ ንዝረቱንም የተበላሸ ሽቦ ያስመስለዋል። ጥሩው ግን ሁለቱን ለይቶ፣ የደርዳሪውንም ድምፅ በመካከላቸው አስቀምጦ ያሰማል። የ«ኢትዮፒክስ» አሥራ አንደኛው ጥራዝ የዓለሙ አጋ በገና ነው። ሃያ አንደኛው ደግሞ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት በ1967 በጀርመን ነበር፤ በ2023 በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው አርፈዋል። በእነዚህ ሁለት ጥራዞች ላይ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ሰው፣ ብዙ ዝምታ አለ። ዝምታውን ማሰማት ለስቴሪዮ ከጩኸቱ ይከብዳል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ዓይንን ጨፍኖ መሟገት አይገባም። በእርግጥ ደካማ የሆኑ የሀገር ቀረጻዎች አሉ፤ ጥቂትም አይደሉም። በካሴት ዘመን መጨረሻ አካባቢ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ሙሉ ባንድ በአንድ ኪቦርድ ተተካ። ናሱም፣ ከበሮውም፣ ማሲንቆው ሳይቀር ከአንድ ሣጥን እንዲወጣ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የጩኸት ውድድር ነው። ዘፈኑ ከሌላው ዘፈን ጎልቶ እንዲሰማ ዝግ ያለው ድምፅ እየተነሣ፣ ከፍ ያለው እየተጨፈለቀ፣ ሁሉም እኩል እንዲጮኽ ይደረጋል። ይህ በሽታ የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካና በአውሮፓ የታወቁ አልበሞችም ተበላሽተውበታል። የሚያስቀው ነገር ዛሬ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ሙዚቃ አቅራቢዎች የዘፈኖችን ከፍታ ራሳቸው ስለሚያመጣጥኑ፣ የተጨፈለቀው ዘፈን ከጥቅሙ ጉዳቱ ብቻ ቀርቶለታል። ስለዚህ ወቀሳው መድረስ ያለበት ለእነዚህ ስቱዲዮዎች ነው። የ1970ዎቹን ሙዚቀኛ ከእነርሱ ጋር ደርቦ መቅጣት ግን የአባትን ዕዳ ለልጅ ሳይሆን የልጅን ዕዳ ለአባት ማስከፈል ነው።

ወቀሳው ለባለ ስቴሪዮውም ሊደርሰው ይገባል። በዚህ አካባቢ «ጥሩ ድምፅ» ማለት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ ማለት ሆኗል። ስፒከሩ ከሲሚንቶ ግድግዳ ማዕዘን ተሰክቶ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ባዶ ወለል ባለበት ክፍል ውስጥ ኢኳላይዘሩ በሁለቱም ጫፍ እስከ ላይ ተገፍቶ ይከፈታል። እንዲህ ባለ ክፍል ዘፋኙ በዋሻ ውስጥ የቆመ ይመስላል። መፍትሔው አዲስ አምፕሊፋየር አይደለም። ስፒከሩን ከማዕዘኑ ግማሽ ሜትር ያህል ማራቅ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ማድረግ፣ ሁለቱን ስፒከሮችና አድማጩን ሦስት እኩል ጎን ባለው ቅርጽ ማስቀመጥ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ማድረግ ይበቃል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል። የሚጠይቀው ማድመጥን ነው፤ ማድመጥ ደግሞ ከማሳየት ይልቃል።

አንዳንዱ «ይህ ሁሉ ክርክር ለጨዋታ ዕቃ ነውን? ሕዝብ በተሰደደበት ጊዜ ስለ ስፒከር ይወራልን?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላሉም ሊታለፍ አይገባም። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ አጋማሽ የረሀብ ስደተኞችን ያስጠለለ ስፍራ ነው፤ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀብሏል። ቱናይድባም በ2021 ተከተለ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ገዳሪፍ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ተፈናቃዮች መጠጊያ ሆነች። ይህ ምድር ሰው ንብረቱን ጥሎ የሚያልፍበት ምድር ነው። ነገር ግን ክርክሩ አስፈላጊ የሚሆነው ስለዚሁ ነው። በኦምዱርማን የሚገኘው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ፣ ሠራዊቱ በመጋቢት 2024 እስኪያስመልሰው ድረስ በውጊያው መካከል ቆይቷል። የአንድ ሕዝብ የብዙ አሥርት ዓመታት ድምፅ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተከማችቶ ሕንፃው የጦር ሜዳ ሲሆን፣ በየቤቱ ያለ ደህና ቅጂ የጨዋታ ዕቃ መሆኑ ይቀራል። ምናልባት ብቸኛው ምስክር እርሱ ሊሆን ይችላል።

በየስደተኛው ሣጥን ሥር ያሉት ካሴቶችም እንዲሁ ናቸው። በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ የማይችል ወላጅ ለልጁ ድምፁን በካሴት ቀርጾ በሰው እጅ ይልክ ነበር፤ በአንድ ገጽ ዘፈን፣ በሌላው ገጽ የእናት ሰላምታ ያለበት ካሴት ብርቅ አልነበረም። «ቀረጻው ደካማ ነው» የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ሲደርስ አደገኛ ይሆናል። ሰው የማይረባ ነው ያለውን ነገር ይጥላል፤ ወይም በላዩ ሌላ ይቀዳበታል። የገዳሪፍ ሙቀትና አቧራም የቀረውን ይጨርሳል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ተረት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የገንዘቡም ነገር አለ። ኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410ን ካወጣች ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ዓመት ተቆጥሯል። ሕጉ ድንበር ላይ ይቆማል፤ ፍላሹ ግን አይቆምም። አንድ ሰው ለስፒከሩ የብዙ ወር ገቢ ከፍሎ ለዘፈኑ ምንም የማይከፍል ከሆነ፣ የሚያከብረው ሣጥኑን እንጂ ድምፁን አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ለዓለም እስኪቀርብ ድረስ፣ ሙዚቀኛው በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። ካሴቱ በሰው ቤት ነበረ፤ ይወደድም ነበር። ፍቅሩ ግን ለባለሙያው እንጀራ አልሆነለትም። ዋናውን ቅጂ ፈልጎ የተገቢውን ዋጋ ያወጣለት የውጭ ሀገር አሳታሚ ሲመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። ይህን የሀገር ልጅ ለምን አላደረገውም? «ቀረጻው ደካማ ነው» ብሎ ስለተኛ ነው።

እንግዲህ የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። ባለ ስቴሪዮው ለባሕር ማዶው ዘፈን የሚደክመውን ያህል ለሀገሩ ዘፈን ይድከም፤ ዋናውን ይግዛ፤ ከዚያ በኋላ ይፍረድ። ባለ ሱቁ በሚሸጠው ላይ የዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የባንዱን ስምና ዓመቱን ይጻፍ፤ የደከመ ቅጂ ሲሆንም የደከመ መሆኑን ይናገር። ስቱዲዮው ለዝምታ ቦታ ይተው፤ ማሲንቆ ሲያስፈልግ ማሲንቆ መቺ ይጥራ። ያረጀ ካሴት ያለው ቤተሰብ ከፀሐይና ከአቧራ ያርቀው፤ የመቅጃ ክልከላውን ትንሽ ክዳን ሰብሮ በላዩ እንዳይቀዳ ያድርግ፤ ጭንቅላቱ በተጠረገ ደህና ዴክ አንድ ጊዜ፣ ሳይጨመቅ፣ ወደ ኮምፒውተር ያስገባው፤ በሁለት ቦታም ያስቀምጠው።

ያን ጊዜ በገዳሪፍ ሳሎን እንግዳ ሲመጣና «እስቲ አሰማን» ሲል መልሱ ቅርብ ይሆናል። በገናው ይከፈት፤ ወርዲ ይከፈት፤ መሐሙድ ይከፈት። እንግዳው «ይህ የየት ሀገር ቀረጻ ነው?» ብሎ ከጠየቀ ስፒከሩ ዋጋውን አወጣ ማለት ነው፤ ዘፈኑ ግን ዋጋውን ያወጣው ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው።